ወርቁ ያለቀባት ከተማ እና የመቃብሯ አጥር

(በማኅበራችን የሩብ ዓመት ስብሰባ ላይ ስለ ቦዲ ጉዞ ከቀረበ ንግግር)



ከሂሳብ ሪፖርቱ በፊት ስለ ጉዞው ንገሩን ተብለናል። የተጓዝነው አሥራ አራት ነን። ከእኛ መካከል የሂሳብ ክፍሉ ሰዎች ስላለንበት ስለ ተራራ የጀመርነው ወሬ ዞሮ ዞሮ ወደ መዝገብ መመለሱ አይቀርም። ዛሬም እንደዚያው ነው። ያየነውን እንነግራችኋለን፤ ከዚያም ያየነው ነገር በእጃችን ካለው አንድ የደንብ ጥያቄ ጋር እንዴት እንደተገናኘብን እናስረዳለን።

የሄድነው ቦዲ ወደምትባል ወና ከተማ ነው። ከእንቁጣጣሽ በኋላ ባለው ዓርብ ጎህ ሳይቀድ ከሎስ አንጀለስ ተነሥተን በ395 አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ተጓዝን። በስተቀኝ በረሃ ነው። በስተግራ የሴራ ኔቫዳ ተራሮች እንደ ግድግዳ ቆመዋል። ከእነሱ መካከል ትልቁ፣ ዊትኒ፣ 4,421 ሜትር ነው፤ «ከራስ ደጀን ያንሳል» ብለን በመኪናው ውስጥ ትንሽ ኮራን። ቢሾፕ በምትባል ትንሽ ከተማ አደርን። በማግስቱ ጠዋት ሞኖ ሐይቅን አልፈን ወደ ቀኝ ታጠፍን። ከዚያ ወዲያ 21 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚቀረው፤ የመጨረሻው አምስት ኪሎ ሜትር ግን አስፋልት የለውም። መኪናው ሲንገጫገጭ ከኋላ የተቀመጡት እናቶቻችን «የአገር ቤት መንገድ ናፍቆን ነበር፣ ይኸው መጣልን» እያሉ ሲስቁ ነበር።

ቦዲ ከባሕር ወለል በላይ 2,550 ሜትር ላይ ናት። ከአዲስ አበባ መሀል ከፍ ትላለች ማለት ነው። ከመኪና ስንወርድ ከደብረ ብርሃን የመጡት እናታችን ነጠላቸውን ተከናነቡና «ይኼ ብርድ ያውቀኛል» አሉ። ዛፍ የለም። እስከ ዐይን ማረፊያ የሚታየው ግራጫ ቁጥቋጦ ነው። ቅጠሉን በእጅ ሲያሹት አሪቲ አሪቲ ይሸታል፤ በእርግጥም የአሪቲ ወገን ነው። በዚያ ቁጥቋጦ መሀል ፀሐይ ያጠቆራቸው የእንጨት ቤቶች ተበታትነው ቆመዋል። ሰው የለም። የሚሰማው ነፋስ ብቻ ነው።

ታሪኳን ባጭሩ እንንገራችሁ፤ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። አገሩ መጀመሪያ የፓዩት ሕዝብ ምድር ነበር። በ1859 ቦዲ የሚባል ሰው ከጓደኞቹ ጋር ወርቅ አገኘ። ያገኘውን ግን አልበላውም፤ በዚያው ክረምት ስንቅ ሊያመጣ ሄዶ ሲመለስ በበረዶ ውሽንፍር ሞተ። ከተማዋ በስሙ ተጠራች። ለብዙ ዓመታት ትንሽ መንደር ሆና ከቆየች በኋላ በ1870ዎቹ አጋማሽ አንድ የማዕድን ጉድጓድ ሲደረመስ የበለጸገ የወርቅ ድንጋይ ተገለጠ። ወሬው ሳን ፍራንሲስኮ ደረሰ፤ ባለ ገንዘቦች መጡ፤ ስታንዳርድ የሚባለው ኩባንያ ተቋቋመ። በ1880 ገደማ የነዋሪው ቁጥር ከ8,000 እስከ 10,000 ደርሶ እንደነበር ይገመታል። ወደ 2,000 የሚጠጉ ቤቶች፣ በደርዘን የሚቆጠሩ መሸታ ቤቶች፣ ጋዜጦች፣ ባንክ፣ የቻይናውያን ሰፈር ነበራት።

በዚያ ብርድና በዚያ ዛፍ አልባ ተራራ ሁሉም ነገር ከውጭ የሚመጣ ነው። እንጨት እንኳ ለማገዶ፣ ለቤት መሥሪያና ለጉድጓድ ድጋፍ ከሩቅ ይጓጓዝ ነበር። በ1881 ለዚሁ ሲባል 51 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የባቡር ሐዲድ ተሠራ። የሚገርመው ግን ባቡሩ በደረሰበት ሰሞን ሰዉ መሄድ ጀመረ። ወርቁ ሳስቶ፣ ሌላ ቦታ ሌላ ወርቅ ተገኝቶ ነበር። በ1910 ነዋሪው ወደ 700 ወረደ፤ በ1920 ወደ 120። በ1942 በጦርነቱ ምክንያት የወርቅ ማዕድኖች እንዲዘጉ መንግሥት ሲያዝ የቀረው ጭላንጭል ጠፋ፤ ፖስታ ቤቱም በዚያው ዓመት ተዘጋ። ከ1962 ጀምሮ ቦዲ የካሊፎርኒያ ግዛት ታሪካዊ ፓርክ ናት። ዛሬ የቆሙት ቤቶች ከመቶ ትንሽ ይበልጣሉ።

ፓርኩ ቤቶቹን አያድስም፤ እንዲፈርሱም አይተዋቸውም። ጣሪያው ከፈሰሰ ይደፈናል፤ ግድግዳው ካዘመመ በእንጨት ይደገፋል፤ ውስጡ ያለው ዕቃ ግን እንዳለ ነው። በመስኮት ስናይ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛዎቹና ጥቁር ሰሌዳው አሉ። ሱቁ ውስጥ ጣሳዎቹ መደርደሪያቸው ላይ ናቸው። አንድ ቤት ውስጥ የልጅ አልጋ ቆሟል። ሰዎቹ ሲሄዱ መሸከም የቻሉትን ብቻ ይዘው ሄደዋል፤ በዚያ መንገድ ጓዝ ማጓጓዝ ከጓዙ ዋጋ በላይ ነበርና። እዚያ መስኮት ላይ ዝም ብለን ቆየን። ከመካከላችን አገር ጥለን ስንወጣ በአንድ ሻንጣ ብቻ የወጣን አለን፤ የተተወ ቤት ምን እንደሚመስል ማንም እንዲያስረዳን አላስፈለገንም።

እንግዲህ ወደ ገንዘቡ እንምጣ።

ከዋናው መንገድ ዳር አንድ ብቻውን የቆመ የጡብ ክፍል አለ። የባንኩ ካዝና ነው። ባንኩ በ1932 ቃጠሎ ሲወድም ካዝናው ተረፈ። ግድግዳ የለም፣ ጣሪያ የለም፣ ገንዘብ ያዥ የለም፤ ካዝና አለ። የሂሳብ ሰዎች ነንና ፎቶ ሳንነሣ አላለፍንም።

ከቦዲ ማዕድኖች በአጠቃላይ ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ወርቅና ብር ወጥቷል፤ ያውም በዚያን ጊዜ ዋጋ። ይህ ገንዘብ የት ገባ? ለቆፋሪው የሚከፈለው በቀን አራት ዶላር ነበር፤ ለጊዜው ጥሩ ደመወዝ ነው፤ ነገር ግን ዕቃው ሁሉ ውድ በሆነበት ተራራ ላይ ነው የሚወጣው። ትልቁ ገንዘብ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ይወርዳል። እዚያም ቢሆን ለሁሉም አልደረሰም። በዚያን ጊዜ ሕግ አንድ የማዕድን ኩባንያ ገንዘብ ሲያጥረው ባለአክሲዮኖቹን ተጨማሪ አዋጡ ማለት ይችል ነበር። ያላዋጣ ሰው አክሲዮኑ በጨረታ ይሸጥበታል። በቦዲ ስም ከተቋቋሙት ብዙ ኩባንያዎች መካከል ትርፍ ያከፋፈሉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የቀሩት አዋጡ፣ አዋጡ እያሉ ከረሙና ጠፉ። ቦዲን በዐይናቸው ያላዩ የሱቅ ጸሐፊዎች፣ መበለቶች፣ አገልጋዮች ቁጠባቸውን ለማያውቁት ጉድጓድ ገብረዋል።

ይህን የምንለው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ስለ መዋጮ ሁለት ዓይነት ሐሳብ ስላለ ነው። አንደኛው መዋጮን እንደ አክሲዮን ያያል፦ ከፈልሽ አለሽ፣ ካልከፈልሽ ተሸጠሻል። ሁለተኛውን ደግሞ በዚያችው ከተማ አገኘነው።

በዋናው መንገድ ላይ የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር አዳራሽ አለ። በ1878 የተሠራ ነው፤ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። ማኅበሩ የደመወዝ ጥያቄ ብቻ አልነበረም ሥራው። አባል ሲታመም ይረዳል፤ አባል ሲሞት ይቀብራል። ጉድጓድ ሲደረመስ፣ ድማሚት ሲፈነዳ፣ የሳንባ በሽታ ሲይዝ ለዚያ ከሩቅ አገር ለመጣ፣ ዘመድ ለሌለው ሰው ዘመዱ ማኅበሩ ነበር። የገና በዓልና ጭፈራ በዚያ አዳራሽ ነው፤ የቀብር ሰልፍም ከዚያ ነው የሚነሣው። አስጎብኚያችን ይህን ሲነግረን ከመካከላችን አንዷ ለጎረቤቷ በሹክሹክታ «ዕድር ነው እኮ!» አለች። ሁላችንም ሰማናት። እውነቷን ነው፤ ዕድር ነው።

ከዚያ ወደ መቃብሩ ወጣን። ከከተማዋ በስተደቡብ ምዕራብ ባለው ኮረብታ ላይ ነው። እዚያ ስትደርሱ መጀመሪያ የምታዩት አጥሩን ነው። መቃብሩ አንድ አይደለም፤ ተከፋፍሏል። የሠራተኞች ማኅበሩ አባላት የራሳቸው ክፍል አላቸው። የፍሪሜሶን ማኅበር አባላት የራሳቸው አላቸው። ሌላው ነዋሪ ሌላ ክፍል አለው። በ1897 የሞተች፣ ሦስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት ሕፃን መቃብር ላይ የእብነ በረድ መልአክ ቆሟል፤ እናቶቻችን እዚያ ቆመው ጸለዩ። ቻይናውያኑ ለብቻቸው ተቀብረዋል። ሴተኛ አዳሪዎች፣ ወንጀለኛ የተባሉ፣ ጠያቂ የሌላቸው ደግሞ ከአጥሩ ውጭ ናቸው። አብዛኛው ምልክት እንኳ የለውም። ቁጥቋጦው በላያቸው በቅሏል።

ስለ አንዲት ሴት ነገሩን፤ ሎቲ ጆል ትባላለች። የቦዲን ታሪክ የጻፉ ሰዎች እንደሚተርኩት ሎቲ ወደ ከተማዋ የመጣችው በሴተኛ አዳሪነት ሲሆን ኢላይ ጆል የተባለ የሥጋ ቤት ባለቤት አገባት። ቤት ሠራላት፣ ዕቃ ገዛላት፤ የከተማዋ ወይዛዝርት ግን በራቸውን ዘጉባት። አንድ ጊዜ በሠራተኞች ማኅበሩ አዳራሽ በተደረገ የጭምብል ጭፈራ ላይ በልብሷ ማማር ተሸለመች ይባላል፤ ጭምብሉ ሲነሣና ማንነቷ ሲታወቅ ግን ሰው ሁሉ ጀርባውን ሰጣት። በኋላ ታመመችና በስህተት በተሠራላት መድኃኒት ሞተች። ያን ጊዜ ክርክር ተነሣ፦ ከአጥሩ ውስጥ ትቀበር ወይስ ከአጥሩ ውጭ? ባሏ አጥብቆ ቆመ። በመጨረሻ ከውስጥ ተቀበረች፤ ግን ከዳር፣ ከአጥሩ ሥር። ሙታን በሚታሰቡበት ቀን ባሏ መቃብሯን በመብራትና በጌጥ አስውቦት ሰው ሁሉ ሊያይ ወጣ ይላሉ። በሕይወቷ ያልጎበኟት ሴቶች በመቃብሯ ጎበኟት።

የቻይናውያኑ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በቦዲ ልብስ ያጥቡ፣ አትክልት ይሸጡ፣ ማገዶ ያቀርቡ ነበር። በማዕድን ጉድጓድ ግን አይቀጠሩም፤ ማኅበሩም አይቀበላቸውም። በ1881 የባቡር ሐዲዱ ሲሠራ ቻይናውያን ሠራተኞች ተቀጥረው ነበር። የማኅበሩ ሰዎች ተሰልፈው ሊያባርሯቸው ወጡ። የባቡር ኩባንያው ቻይናውያኑን በሞኖ ሐይቅ መሀል ወዳለች ደሴት አሻግሮ አተረፋቸው። በማግስቱ ዓመት የአሜሪካ መንግሥት የቻይና ሠራተኞች ወደ አገሩ እንዳይገቡ የሚከለክል ሕግ አወጣ። እንግዲህ አስቡት፤ ለሰልፍ የወጣው ያው ማኅበር ነው፤ የታመመ ጓዱን የሚያስታምም፣ የሞተ ጓዱን በክብር የሚቀብር። በውስጥ ላለው እናት፣ በውጭ ላለው እንጀራ እናት ነበር።

ቻይናውያኑም የራሳቸው መረዳጃ ማኅበራት ነበሯቸው። በካሊፎርኒያ የሞተ ሰው ከዓመታት በኋላ አጥንቱ ተለቅሞ ወደ አገሩ እንዲላክ ያዋጡ ነበር። ይህን ስንሰማ እርስ በርስ ተያየን። «አስከሬኔን አገሬ ላኩልኝ» የሚለውን ቃል ከዚህ አዳራሽ ያልሰማ የለም። ከ140 ዓመት በፊት እዚያ ተራራ ላይ የእኛን ቋንቋ የማይናገሩ ሰዎች የእኛን ጭንቀት ተጨንቀው፣ የእኛን መዋጮ አዋጥተው ነበር።

አንድ ነገር ልንጨምር። ቦዲን ያወደማት የወርቁ ማለቅ ብቻ አይደለም። በሰኔ 1932 የተነሣው እሳት ከቀሩት ቤቶች አብዛኛውን በላ። አንድ ትንሽ ልጅ በክብሪት ሲጫወት ለኮሰው ይባላል። ከተማዋ ግን ውሃ አጥታ አልነበረም፤ ኮረብታው ላይ ማጠራቀሚያ፣ ከማጠራቀሚያው እስከ መንገዱ ቧንቧ፣ በየመንገዱ የእሳት ማጥፊያ መክፈቻ ነበራት። እንደሚተረከው ሰዎቹ ሮጠው ቧንቧውን ሲከፍቱ ውሃው ትንሽ መጣና ቀጥ አለ። በማጠራቀሚያው አፍ ላይ መኖር የነበረበት ወንፊት ስላልነበረ አሸዋና ድንጋይ ገብቶ ደፍኖታል። ውሃው ላይ ነው፤ እሳቱ ታች ነው፤ መሀል ያለው መንገድ ተዘግቷል።

ለሂሳብ ሰው ከዚህ የበለጠ የሚያስደነግጥ ታሪክ የለም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። መተዳደሪያ ደንባችን እንደምታውቁት ሦስት ወር መዋጮ ያልከፈለች አባል ስሟ ከመዝገብ ይሰረዛል ይላል። ልመለስ ካለች መመዝገቢያ ከፍላ ስድስት ወር መጠበቅ አለባት። በእነዚያ ስድስት ወራት ሐዘን ቢደርስባት ማኅበሩ አይደርስላትም። ደንቡ ሲወጣ ምክንያት ነበረው። በሽታ ሲመጣ ብቻ የሚመዘገብ፣ ሲድን የሚጠፋ ሰው እንዳይበዛ ነው። ያንን ምክንያት እናከብራለን።

ነገር ግን በመዝገባችን ላይ የሚሰረዙት እነማን ናቸው? ማንንም በስም አንጠራም፤ ዓይነታቸውን ግን ሁላችንም እናውቃለን። ወልዳ ሥራ ያቆመች። አዛውንት የምትጠብቅበት ቤት የሥራ ሰዓቷን የቀነሰባት። ወረቀቷ ስላላለቀ በቋሚነት መቀጠር ያልቻለች። አገር ቤት ያለ ወንድሟን ለማሳከም ያላትን ሁሉ የላከች። ማለትም ማኅበሩ የተቋቋመላቸው ሴቶች ናቸው። መክፈል የሚያቅታቸው በሚረዱበት ወር ነው። ደንቡ ደግሞ በዚያው ወር ይሸኛቸዋል።

ባለፈው ዓመት ስሟ ከተሰረዘ አንድ ወር ተኩል ያልሞላት እህታችን ባሏ ሞተባት። ደንቡ እንደ ደንብ ሠራ፤ ከማኅበሩ ገንዘብ አልወጣም። እህቶች ግን በለቅሶው ቤት ከየቦርሳቸው አውጥተው፣ በነጠላ ጫፍ ቋጥረው ሰጧት። ይህ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን ያ ገንዘብ በመዝገባችን ላይ የለም፤ በቂም አልነበረም፤ ነገ ለሌላዋ እንደሚደገምም ዋስትና የለም። ደግሞም እሷ ራሷ ምን እንደተሰማት ስትነግረን «ገንዘቡ አይደለም፣ ስሜ ሲጠራ አለመኖሩ ነው» ነበር ያለችው። እሷ ያለችው አጥሩን ነው።

«ደንቡ ከላላ ገንዘቡ ያልቃል» የሚል ስጋት አለ። ትክክለኛ ስጋት ነው፤ በቁጥር እንመልከተው። ለስሌት እንዲመች እንጂ የእኛን መዝገብ ቁጥር አይደለም የምንወስደው። መቶ አባላት አሉ እንበል፤ እያንዳንዳቸው በወር 20 ዶላር ያዋጣሉ። በዓመት 24,000 ዶላር ነው። ከእነሱ ስምንቱ ስድስት ስድስት ወር ሳይከፍሉ ቆዩ እንበል። የጎደለው 960 ዶላር ነው፤ ከመቶ አራት ማለት ነው። ሴቶቹ በመዝገብ ላይ ከቆዩ ይህ ገንዘብ ዕዳ ነው፤ ሲሻላቸው ይከፍሉታል።

አሁን ደግሞ እንሰርዛቸው። ከስምንቱ አራቱ ቅር ብሏቸው፣ ወይም መመዝገቢያውን መክፈል ከብዷቸው ሳይመለሱ ቀሩ እንበል። አራት ሴቶች በዓመት የሚያዋጡት ያው 960 ዶላር ነው። ልዩነቱ ምንድን ነው? የመጀመሪያው ጉድለት አንድ ጊዜ ነው፤ አብዛኛውም ይመለሳል። ሁለተኛው በየዓመቱ ይደገማል፤ አይመለስም። እንግዲህ መሰረዝ ገንዘባችንን ይጠብቃል የሚለው ሐሳብ በሌጀር ላይ ሲፈተን ይህን ያህል ነው የሚቆመው።

በእርግጥ ሁሉም ሰው መክፈል ቢያቆም ማጠራቀሚያው ይደርቃል። ስለዚህ በር ይበርገድ አላልንም። የምናቀርበው ሐሳብ ሦስት ነጥብ አለው።

አንደኛ፣ ውዝፍ ዕዳ ይሁን እንጂ ስንብት አይሁን። ያልከፈለች አባል እስከ 12 ወር ድረስ በአባልነቷ ትቆይ። ያልከፈለችው በስሟ ይመዝገብ። በዚህ መሀል ሐዘን ወይም ሕመም ቢደርስባት ማኅበሩ ይድረስላት፤ ውዝፉ ከሚሰጣት ገንዘብ ላይ ይቀነስ። እንዲህ ከሆነ አዘውትራ የምትከፍለውም አትበደልም፤ ያቃታትም በባዶ እጅ አትሸኝም። ከ12 ወር በኋላ ጉዳዩ በሥራ አስፈጻሚው ይታይ።

ሁለተኛ፣ ወንፊት እናስቀምጥ። አንዲት አባል ሁለት ወር ሳትከፍል ከቆየች ከሂሳብ ክፍሉ ደብዳቤ አይላክላት፤ በአካባቢዋ ያለች አባል ትደውልላት፣ ቢቻል ቡና ትጠጣላት። «ለምን አልከፈልሽም?» ለማለት አይደለም፤ «ደህና ነሽ ወይ?» ለማለት ነው። ብዙ ጊዜ የመዋጮ መቋረጥ ከችግሩ ሁሉ ቀድሞ የሚታየው ምልክት ነው። በመዝገባችን ላይ ባዶ የሆነች አንዲት ሣጥን የሐኪም ቤት አልጋ ልትሆን ትችላለች። የሂሳብ ክፍሉ በየወሩ መጨረሻ የእነዚህን ስሞች ዝርዝር ለየአካባቢው ተጠሪ በምስጢር ለመስጠት ዝግጁ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ በተለይ ለጋሾቻችንን ይመለከታል። ወደዚህ አገር ገና የመጣች እህት የሥራ ፈቃድ እስክታገኝ ወራት ይፈጃል። እስክትከፍል ድረስ አባል አይደለችም፤ እስክትሠራ ድረስ መክፈል አትችልም። ከዕርዳታችሁ ጥቂቱን ለይተን ለእንዲህ ያለች እህት የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት መዋጮ እንድንሸፍንበት ፈቃዳችሁን እንጠይቃለን። ገንዘቡ ለብቻው ይያዛል፤ ለብቻው ሪፖርት ይደረጋል፤ ለስንት ሰው እንደዋለ በየሩብ ዓመቱ በዚህ መጽሔት ላይ ታነባላችሁ። ለቀብርም ለምግብም አይደለም የሚውለው። በአጥሩ ላይ በር ለመሥራት ነው።

ቦዲ ላይ ያየነውን ለአንዳንዶቻችሁ ስንነግር «የወርቅ ከተማ ሄዳችሁ ስለ መቃብር ታወራላችሁ?» ብላችሁናል። ወርቁማ የለም። ሚሊዮኖቹ ከተራራው ወርደው ሄደዋል፤ ለማን እንደደረሱ እንኳ አይታወቅም። ቀን ከሌት ድንጋይ የሚፈጨው ወፍጮ ዝም ብሏል። የተረፈው የማኅበሩ አዳራሽና የመቃብሩ አጥር ነው። ሰዎቹ ለእርስ በርሳቸው የሆኑትና ያልሆኑት ነገር ከወርቁ ይልቅ ዕድሜ አገኘ። ዛሬ የሚጎበኛት ሰው ማን ሀብታም እንደነበረ አይጠይቅም፤ ማን ከአጥሩ ውጭ እንደቀረ ግን ያያል።

ፓርኩ ስለሚጠበቅበት መንገድም አንድ ቃል እንበል፤ ለእኛ ይጠቅማል። ከቦዲ ሚስማር እንኳ ማንሣት ክልክል ነው። የወሰዱ ሰዎች መጥፎ ዕድል ገጠመን እያሉ ከይቅርታ ደብዳቤ ጋር በፖስታ ይመልሳሉ። እርግማን አለባት ይባላል፤ እርግማኑን የፈጠሩት ጠባቂዎቹ ራሳቸው ናቸው የሚሉም አሉ። እርግማን ኖረም አልኖረ፣ ቤቶቹ የቆሙት ሁሉም ሰው ትንሿን ሚስማር ባለችበት ስለተወ፣ አንድ ሰው ደግሞ በየክረምቱ ጣሪያውን ስላየ ነው። ማኅበርም እንዲሁ ነው። በታላቅ ስጦታ ብቻ አይቆምም፤ በወር በወር መዋጮና ጣሪያውን በሚያይ ሰው ይቆማል።

መሄድ ለምትፈልጉ ጥቂት ምክር፦ በክረምት መንገዱ በበረዶ ይዘጋልና ከግንቦት መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ባለው ጊዜ ሂዱ። ፓርኩ ውስጥ የሚበላ አይሸጥም፤ ስንቅና ውሃ ያዙ። እኛ ድርቆሽ፣ ቆሎና ዳቦ ይዘን ነበር፤ ቆሎው ለአስጎብኚውም ተርፏል። ስልክ አይሠራም። ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለባት ሐኪሟን ትጠይቅ፤ ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ በአንድ ቀን ከ2,500 ሜትር በላይ መውጣት ለደገኛ እንኳ ልማድ ሲጠፋ ይከብዳል። ጋቢ አትርሱ።

የደንብ ማሻሻያው ጽሑፍ በእጃችሁ ነው። ውሳኔው በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በድምፅ ይሰጣል። እስከዚያ ድረስ አንብቡት፣ ተከራከሩበት፣ በቁጥሩ ላይ የማትስማሙ ካላችሁ ቁጥራችሁን ይዛችሁ ወደ ሂሳብ ክፍሉ ኑ፤ አብረን እንደምራለን። ድምፅ ስትሰጡ ግን የመዝገቡን ዓምድ ብቻ አትዩ። በዚያ ዓምድ ላይ ነገ ባዶ ሣጥን የምትሆነው ማን እንደሆነች ከመካከላችን ማንም አታውቅም።